ማዙርካህ 4/4 ነው ተባልኩ

ዘግይቶ_ጀማሪ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፒያኖ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው፤ አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰሞኑን አንዲት የፖላንዳዊው አቀናባሪ የሾፓን ማዙርካ ላይ ተጥጃለሁ። ማዙርካ በሦስት በሦስት ምት፣ በ3/4፣ የሚሄድ የፖላንድ ጭፈራ ነው። ኦፐስ 33 (የሥራው ቁጥር ነው) ውስጥ ያለችው፣ በሲ ሜጀር ቅኝት። አጭር ናት፣ ጣት የሚሰብር ነገር የላትም። የመረጥኳትም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ለአስተማሪዬ ተጫወትኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ጎሽ፣ አሁን ደግሞ በ3/4 ተጫወታት" አሉ። እኔኮ በ3/4 የተጫወትኩ ነበር የመሰለኝ! "የለም፣ ያንተ 4/4 ነው" ብለው በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመቱ አብረውኝ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልክክ አለ። አፈርኩ።

ቤት ገብቼ በስልኬ ቀዳሁትና ሰማሁት። እውነታቸውን ነው። የባሩን፣ የእያንዳንዷን ሦስት ምት ክፍል ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያ ምት አለቅጥ እለጥጣታለሁ። ከአንድ እስከ ሁለት ያለው ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ካለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ከፍቼ ሦስቱንም እኩል ሳደርጋት ግን ሞተች። ስህተት የለባትም፣ ግን ሞታለች። የመዋዕለ ሕፃናት መዝሙር ሆነች።

ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ደግሞ ይሄ ሩባቶ የሚሉት፣ ጊዜውን እየጎተቱና እያፈጠኑ የመጫወት ነገር፣ ከየት ጀምሮ የት ነው የሚያበቃው?

ቆጣሪው
ጥፋትህ አለመቁጠርህ ነው። አትቀየመኝ።

ሩባቶ በጣሊያንኛ የተሰረቀ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ስርቆቱን ወዷል። ከባድ ቦታ ሲደርስ ይጎተታል፣ ቀላል ቦታ ሲያገኝ ይሮጣል፣ ስትጠይቀው "ስሜቱ ነው" ይልሃል። ስሜቱ አይደለም፤ ያላጠናው አራተኛ ጣቱ ነው።

ሾፓን ራሱ ሜትሮኖም ከፒያኖው ላይ አይጠፋም ነበር። ተማሪው ካሮል ሚኩሊ ነው የመሰከረው። ሁለት ወር በሜትሮኖም አጥናት፤ ከዚያ ስለ ነጻነት እናወራለን።

ሚሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ወንድሜ፣ በጭራሽ አትፈር። አንተ የተባልከውን ሾፓንም ተብሏል! የምሬን ነው።

ቻርለስ ሃሌ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ፒያኒስት ነበረ፤ ፓሪስ ውስጥ ሾፓንን በቅርብ ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን ደፈር ብሎ "ማዙርካዎችህን ስትጫወት 3/4 አይመስሉኝም፤ 4/4 ናቸው፤ የባሩ መጀመሪያ ላይ በጣም ነው የምትቆየው" አለው። ሾፓን ድርቅ አለ። ሃሌም አልለቀቀውም፤ አንዷን እንዲጫወት አድርጎ ጮክ ብሎ አራት አራት ቆጠረለት። ገጠመ። ያኔ ሾፓን ሳቀና ነገሩ ከዳንሱ አገርኛ ጠባይ የመጣ ነው አለው።

ከማየርቤር ጋር ግን ሳቅ አልነበረም። ማየርቤር የኦፔራ ደራሲው፣ በጊዜው ፓሪስ የምትሰግድለት ሰው። ታሪኩን የጻፈው ቪልሄልም ፎን ሌንዝ የሾፓን ተማሪ ነበር። ትምህርት ላይ ሆኖ ማዙርካ ሲጫወት ማየርቤር ገባ። የትኛዋን ማዙርካ እንደሆነ ገምት። ያቺኑ ያንተን፣ ኦፐስ 33 ሲ ሜጀር! ቁጭ ብሎ ሰማና "ይሄ 2/4 ነው" አለ። ሾፓን ሌንዝን ድገመው አለው፤ እሱ በእርሳስ ፒያኖውን እየመታ ምቱን ያዘ። ማየርቤር "2/4" አለ። በመጨረሻ ሾፓን ራሱ ተቀመጠ፤ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ ተጫወታት። ማየርቤር ወይ ፍንክች። ተኮራርፈው ተለያዩ።

አስተማሪህ እርሳስ ማንሳታቸው ራሱ አስቆኛል።

ቆጣሪው
ወሬው ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት አንቱ የተባሉ ጆሮዎች የአንድ ሰው አጨዋወት ሰምተው አንዱ አራት አለ፣ አንዱ ሁለት። ቢያንስ ሁለቱ አልተስማሙም። እና ሾፓን በሁለቱም ጊዜ "ሦስት ነው" ብሎ ነው የተከራከረው። "ቁጥር ምን ያደርጋል" አላለም። ወለሉን እየረገጠ የሚቆጥር ሰው ስለ ምት ግድ የለውም ልትሉኝ አትችሉም።

ጋሽ_ቫርሶ
ልጆች፣ ሙዚቃ አላነብም። መሐንዲስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ግን በደርግ ዘመን ለትምህርት ተልኬ ስድስት ዓመት ፖላንድ ኖሬያለሁ፤ ይሄን ነገር በእግሬ አውቀዋለሁ።

በተማሪዎች ማደሪያው ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የባህል ጭፈራ ቡድን ይለማመድ ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጎትታ አስገባችኝ። ሦስት ወር ሙሉ እግሬ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። እንደ ቫልስ፣ እንደዚያኛው ባለ ሦስት ምት ጭፈራ፣ አንደኛው ምት ላይ እረግጣለሁ። አሠልጣኙ "ሁለት ላይ! ሁለት ላይ!" እያለ ይጮህብኛል። ሁለትን ስለምድ ደግሞ "እዚህ ጋ ሦስት ላይ ነው" ይለኛል። ማዙር የሚሉት የማዙርካ ዓይነት እንዲህ ነው። ክብደቱ አንደኛው ምት ላይ ላይወድቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ሄዶ ዱብ ይላል፤ ቦታውንም ይለዋውጣል። ኩያቪያክ የሚባለው ዘገም ያለ ነው፣ ከኩያቪ አውራጃ የመጣ። ኦቤሬክ ደግሞ ሽክርክሪት ነው፤ እኔ አዙሮኝ ግድግዳ ይዤ አውቃለሁ። የሾፓን ማዙርካዎች ከሦስቱም እየቀዱ ነው ይባላል። ሰውየው በ1830 በ20 ዓመቱ ከአገሩ ወጥቶ አልተመለሰም።

የገባኝ ነገር ምን መሰለህ ልጄ፤ ሰው ዘሎ ሲወርድ መሬት እስኪነካ ጊዜ ይፈልጋል። ያኔ ቫዮሊን የሚመቱልን ሽማግሌ ዓይናቸው የእኛ እግር ላይ ነበር። የከበደ ሰው ሲዘል ይጠብቁታል። እኔን ብዙ ጠብቀውኛል። ሜትሮኖምህ እግር አይቶ አያውቅም።

ዘግይቶ_ጀማሪ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺን ዛሬ ለአስተማሪዬ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፤ ያ መጠበቅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው?

ጋሽ_ቫርሶ
አይደለም። እኛም ሁልጊዜ አንድ ቦታ አንዘልም ነበር።

ቆጣሪው
ጋሽ ቫርሶ ካሉት ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም እኔን ነው የሚደግፉት። ሽማግሌው የሚጠብቁት ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ እግር እያዩ። ቪየናዎች ቫልስ ሲመቱ ሁለተኛዋን ምት ትንሽ ቀደም ያደርጓታል፤ ኦርኬስትራው በሙሉ በአንድነት ነው የሚቀድመው፤ እያንዳንዱ በስሜቱ አይደለም። ይሄ ዘዬ ነው። ጎጃሜና ሸዬ አማርኛ ሲያወሩ ዜማው እንደሚለያየው ማለት ነው። እኔ የምቃወመው ዘዬው የሌለው ሰው ሲንተባተብ "ዘዬዬ ነው" ሲል ነው።

ባለክራር
ከክራር ሰፈር ነው የመጣሁት፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ይሄ "ሁለት ነው፣ ሦስት ነው" ክርክር የእኛን ጭክጭካ አስታወሰኝ። ሲጽፉት 6/8 ይሉታል። ስድስቱን ግን ሦስት ሦስት አድርገህ ሁለት ምት ልትሰማው ትችላለህ፤ ሁለት ሁለት አድርገህ ሦስት ምትም ልትሰማው ትችላለህ። አንድ ፈረንጅ ጓደኛዬ ዘመድ ሰርግ ላይ ሲያጨበጭብ እሱ ሦስቱን ይዟል፣ አክስቶቼ ሁለቱን። ሁሉም "ይሄ ልጅ ሳተ" ብለው ያዩታል። አልሳተም። ሌላውን በር ነው የገባው።

በፒያኖው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ሆን ተብሎ ይጻፋል?

ፔዳል_አልወድም
ባለክራር፣ ሹማን ለሚባል ጀርመናዊ አቀናባሪ ነው የተፈጠርከው።

"ምሽት ላይ" የምትል ቁራጭ አለችው፣ ኦፐስ 12 ውስጥ የመጀመሪያዋ፣ 1837። የተጻፈችው 2/8 ነው፣ በባር ሁለት ምት። በአንድ ባር ስድስት ትንንሽ ኖታዎች አሉ፤ በወረቀቱ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ታስረዋል። ዜማው ግን በየሁለት ኖታው ነው የሚመጣው፤ 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ላይ። አሁን ጠረጴዛህን በጣትህ ስድስት ጊዜ እኩል ምታና እነዚያን ሦስቱን ጠበቅ አድርጋቸው። 3/8፣ ሦስት ምት፣ ሆነ አይደል? ሰሚው በሙሉ 3/8 ነው ብሎ ይምላል።

ተጫዋቹ ግን ወረቀቱን ያያል። ሁለተኛው ምት ያለው 4ኛው ኖታ ላይ ነው። እዚያ ጋ ዜማ የለም። ከዜማው በታች የሚሄድ ተራ ኖታ ብቻ ነው። ያቺን ኖታ ካደመቅካት ዜማውን ታበላሻለህ። ጭራሽ ከረሳሃት ደግሞ ተራ 3/8 ተጫወትክ ማለት ነው፤ ሹማን 3/8 ቢፈልግ 3/8 መጻፍ አያቅተውም ነበር። እኔ ስጫወታት ሁለቱን የምይዘው በሆዴ ነው፣ ጣቴ ሦስቱን ይዘምራል። ሲሳካ ዜማው ባሕር ላይ እንዳለ ታንኳ ይንሳፈፋል። አራት ዓመት አጥንቻት ሁለቴ ተሳክቶልኛል። ሦስቴ ብል ውሸት ነው።

ሰውየው ቀልደኛም ነው። ካርናቫል ኦፐስ 9 የሚያልቀው በማርሽ ነው፤ የዳዊት ወገኖች (ሹማን በምናቡ የፈጠረው የአርቲስቶች ማኅበር) ፍልስጥኤማውያንን ለመግጠም ሲሰለፉ። ማርሹ 3/4 ነው! በሦስት እግር የሚሰለፍ ሠራዊት አስቡት። ሶናታው ኦፐስ 22 ላይ ደግሞ ገና ሲጀምር "የተቻለህን ያህል ፍጠን" ይላል፤ መጨረሻው አካባቢ "ይበልጥ ፍጠን"፣ ከዚያ "አሁንም ይበልጥ"። ታዲያ መጀመሪያ ላይ የተቻለኝን ያህል ምን ሳደርግ ኖሬ ነው?

ፒያኖ ኮንሰርቶው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለተኛው ዜማ ሲመጣ እጄን አፌ ላይ ነው የምጭነው። 3/4 ነው የተጻፈው፣ ግን ሁለት ባር አንድ ላይ ተጣብቆ ሦስት ረጃጅም ምት ይሆናል። ይሄን ነው ሄሚዮላ የሚሉት። ኦርኬስትራው ኖታ፣ ዝምታ፣ ኖታ፣ ዝምታ ይላል፤ ፍጥነቱ ሳይነካ የዘገየ ይመስላል። አንዱ ቫዮሊን እንኳ ለአፍታ ከጠፋበት ተከትሎት የሚጠፋው ብዙ ነው። በ1845 ድሬስደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ፒያኖው ላይ የነበረችው ሚስቱ ክላራ ናት። እንዴት እንዳልላባት አላውቅም።

ሌላውን በምት የሚጫወት አቀናባሪ፣ ብራምስን፣ አላነሳሁም። ካነሳሁ አንተኛም።

ሰናይት_22
ይቅርታ፣ ከእናንተ ደረጃ ወርጄ ልጠይቅ። እኔ ገና ሦስትን በሁለት ላይ መጫወት አቅቶኛል። ቀኝ እጄ ሦስት፣ ግራ እጄ ሁለት፣ በአንድ ምት ውስጥ። ለየብቻ ይሄዳሉ፤ አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግራ እጄ ቀኙን ይከተላል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ እናቴ በሩን መዝጋት ጀምራለች።

ሚሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
እህቴ፣ ሻይ በሎሚ!

አትሳቂ። "ሻይ በሎሚ" በይ። ሻይን ረዘም፣ በ እና ሎን አጠር፣ ሚን ረዘም። ሻይ… በ ሎ ሚ…። አሁን በእጅሽ ጉልበትሽን እየመታሽ፦ ሻይ ላይ ሁለቱም እጅ፣ በ ላይ ቀኝ፣ ሎ ላይ ግራ፣ ሚ ላይ ቀኝ። ሳታቋርጪ ደጋግሚው። ቀኝሽ ሦስት መታ፣ ግራሽ ሁለት መታ። አለቀ። እኔ የቅርብ ዘመዴን ልጅ በዚህ ነው ያስተማርኳት፤ አሁን ካፌ ስንገባ ሻይ በሎሚ ስታዝ ጉልበቷን ትመታለች።

ለአራት በሦስት ላይ ደግሞ "አንድ ኪሎ ቲማቲም" ነው። አንድ ላይ ሁለቱም፤ ኪ፣ ቲ፣ ቲም ላይ አራት የሚመታው እጅ፤ ሎ እና ማ ላይ ሦስት የሚመታው። ኪ አጠር ትላለች፣ ወዲያው ሎ ትከተላታለች።

ሁለቱንም ሾፓን ጽፎልሻል። በ1839 ለሞሼሌስና ለፌቲስ የማስተማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃቸው ሦስት ኤቲዩዶች፣ የልምምድ ቁራጮች፣ አሉ። ኤ ፍላት ሜጀሯ ሻይ በሎሚ ናት፣ ኤፍ ማይነሯ አንድ ኪሎ ቲማቲም። እጅ የሚያፈጥን ነገር የላቸውም፤ ጆሮ ነው የሚያሠሩት።

ሰናይት_22
ሠራ!!! ሻይ በሎሚው ሠራ። እናቴ "ምን እያልሽ ነው" ብላ መጣች። ቲማቲሙን ለሾፓን ፋንታዚ ኢምፕሮምፕቱ ላድርገው?

ቆጣሪው
ለመጀመር ይሆንሻል። ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ እዚያ ቀኝ እጅ ዜማውን የሚጀምረው በዝምታ ነው። የመጀመሪያዋ "አንድ" ላይ ግራ እጅ ብቻውን ነው፤ ቀኝሽ ከ"ኪ" ይነሳል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ በትክክለኛው ፍጥነት ቲማቲም መመዘን አይቻልም። ቀስ ብለሽ ተማሪበት፣ ከዚያ ርሺው። ስትፈጥኚ እያንዳንዱን ኖታ ለማገጣጠም ከሞከርሽ እንደተሰበረ ልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። ሁለቱ እጆች በየራሳቸው እኩል መሄድ አለባቸው፤ የሚገናኙት ምቱ ላይ ነው።

ሾፓን በሕይወቱ ሳለ ያቺን ሥራ አላሳተማትም፤ የወጣችው ከሞተ በኋላ በ1855 ነው። ዛሬ የፒያኖ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚመኛት እሷን መሆኗን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ።

ባለክራር
ቆጣሪው፣ አሁን ያልከው ነገር ካንተ የመጀመሪያ መልስ ጋር አይጋጭም? ሁለት እጅ በየራሱ መንገድ ይሂድ ካልክ ሩባቶንም ፈቀድክ ማለት ነው።

ቆጣሪው
ደርሰህብኛል። እሺ፣ ልንገራችሁ።

እኔ የምቀበለው ሩባቶ አለ። ሞዛርት በ1777 ከአውግስቡርግ ለአባቱ ሲጽፍ፣ በአዳጆ (በዘገምተኛ ቁራጭ) ውስጥ ሩባቶ ሲጫወት ግራ እጁ ምንም እንዳልተነገረው ሆኖ ጊዜውን ጠብቆ እንደሚሄድ፣ ሌሎች ግን ግራ እጃቸው ቀኙን እንደሚከተል ይጽፋል። ሰዎች ይሄን ማመን አቅቷቸው ይገረሙ ነበር። ሾፓንም ለተማሪዎቹ ይሄንኑ ነው ያስተማረው፤ ግራ እጅ የኦርኬስትራ መሪ ነው፣ አይነቃነቅም፤ ቀኙ እንደ ዘፋኝ ይዘግይ፣ ይቅደም። ፒያኒስቱ ሊስት ደግሞ ለተማሪው ዛፍ አሳይቶ፣ ነፋሱ ቅጠሉን ያጫውተዋል፣ ግንዱ ግን ባለበት ነው፣ የሾፓን ሩባቶ ይሄ ነው አለው ይባላል።

ስለዚህ ጀማሪ ወንድሜ፣ ያንተ ችግር ቀኝ እጅህ መቆየቱ አይደለም። ግራህም አብሮ መቆየቱ ነው። ግንዱ ራሱ እየተወዛወዘ ነው።

ፔዳል_አልወድም
ይሄ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹን እኔ ልጨምር። ድሮ የተቀዱትን ስሙ። ካርል ራይኔኬ በ1824 የተወለደ ፒያኒስት ነው፤ ሾፓን ሲሞት የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር። አርጅቶ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለፒያኖ ጥቅል ወረቀት፣ ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ለሚያነበው የተበሳ ወረቀት፣ ተጫውቷል። ሁለቱ እጆቹ አንድ ላይ አይወድቁም፤ ኮርዱን፣ አብረው የሚመቱትን ኖታዎች፣ ይበትነዋል፣ ባሱ ቀድሞ ዜማው ይከተላል። ፒያኒስቱ ፓዴሬቭስኪም እንዲሁ፣ በኋላ የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። ዛሬ በውድድር መድረክ እንዲህ ብትጫወት ዳኞቹ እጅህ አልገጠመም ብለው ያባርሩሃል። ግን እነሱ ግንዱንም ያወዛውዙ ነበር። በተለይ ፓዴሬቭስኪ፤ የተሰረቀው ሁሉ መመለስ አለበት፣ የዘገየው በኋላ በመፍጠን ይካካስ የሚለውን ሕግ በጽሑፍ ጭምር ተቃውሟል።

ፖላንዳዊው ፒያኒስት ኢግናዝ ፍሪድማን በ1930 ገደማ የቀዳቸው ማዙርካዎች አሉ። ጀማሪ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ እነሱን ስማ። ሁለተኛዋ ምት ላይ የሚያደርጋት ነገር አለች፤ ጋሽ ቫርሶ ሲሰሙ እግራቸው ይነሳል ብዬ እወራረዳለሁ።

ሰናይት_22
የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ? እኔ ፒያኖ የጀመርኩት እሳቸውን ሰምቼ ነው። ምታቸውን ልቆጥር ሞክሬ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል።

ባለክራር
አትቁጠሪው! የእሳቸው ከንግግርና ከዜማ ቤት የመጣ ነው የሚመስለኝ። ትንፋሽ አልቆ እስኪወሰድ ነው ሐረጉ የሚሄደው። ባር የሚባለው መስመር ወረቀት ላይ ቢኖር እንኳ እጃቸው አያከብረውም።

ጋሽ_ቫርሶ
እማሆይ ካይሮ ሆነው የተማሩት ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከኮንቶሮቪች መሆኑን ታውቃላችሁ? እኔ ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ከሩባቶው ውስጥ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልችልም። ግን ደስ አለኝ።

ፍሪድማንን ሰማሁት። እግሬ ተነስቷል። ጉልበቴ ነው የቀረው።

ዘግይቶ_ጀማሪ
ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግራ እጄን ብቻውን አጠናሁ። ባስ፣ ኮርድ፣ ኮርድ። ቀኙን በአፌ እያንጎራጎርኩ። አፌ ሲጎተት ግራ እጄ ወዲያው አብሮ እንደሚጎተት ያኔ ነው የታየኝ። ከዚያ ሜትሮኖሙን በባር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ አደረግኩት፤ በየምቱ ሳይሆን። ሦስቱን ምት ውስጥ ለውስጥ እንደፈለግኩ አከፋፍላለሁ፣ ግን አንደኛው ምት ላይ መገኘት አለብኝ። ይሄ ነው ብዙ የረዳኝ። ጋሽ ቫርሶ ስለ እግር እንዳሉት፣ እኔም ሳሎን ውስጥ ሁለት ላይ እየረገጥኩ ተራመድኩ። ምንጣፉ ተጣጠፈ፣ ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ አስተካከለችው።

ትናንት ለአስተማሪዬ ተጫወትኩ። እርሳሱን አነሱ። ሲቆጥሩ አየኋቸው፤ በሦስትም ሞከሩ፣ በአራትም ሞከሩ። መሃል ላይ እርሳሱን አስቀመጡት። ሲያልቅ "ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛዋ ምት አሁንም ትጠፋለች" አሉና ገጹን ገለጡ።

ቆጣሪው
የትኛው ባር ላይ? ቅጂውን ለጥፈው፣ እንቆጥርልህ።